የአባትሽ ባሉጥ

ልጄ ሩላ፣ በሰው አገር አላህ ይጠብቅሽ፤ ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ይሰውርሽ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እኛ እዚህ በአጅሉን ከተማ ደህና ነን ልልሽ ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

አባትሽ ለግቢያችን ጥላ ይሆናል ብሎ ከጫካው ፍሬ ለቅሞ የተከለው ባሉጥ ደርቋል። ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደገው ዛፍ እሱ በሞተ በሁለተኛው በጋ ቅጠሉን አራገፈ። እኔ የጠማው መስሎኝ በዚያ ሐሩር በየቀኑ የውሃውን ቱቦ ግንዱ ሥር እተውለት ነበር። ቅጠሉ ሲገረጣ ደግሞ ጨመርኩለት።

ትናንት ችግኝ የሚያፈላው አቡ ሱሄይል መጥቶ ሥሩን ቆፈረ። አፈሩን አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ።

«ኡም ሩላ፣ በበጋ ውሃ ያጠጡት ነበር እንዴ?»

«ታዲያ በጥም ይሙትብኝ?»

«የእኛ አገር ባሉጥ እኮ አንዴ ከጸና በጋውን ራሱ ይችለዋል። ሥሩ በስብሷል፤ የገደለው ውሃው ነው።»

አባትሽም ይህንኑ ነግሮኝ ነበር። ረስቼው አይደለም። ከእሱ የቀረኝ ነገር ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ሳየው አንጀቴ አልችል አለ። አሁን ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ባዶ አልጋው ላይ ያርፋል፤ መጋረጃውን እንኳ አልዘጋሁም። ሌላ ትከዪ ይሉኛል። በሰባ አንድ ዓመቴ የቱን ጥላ ልጠብቅ?

አንቺ ምግብሽን አትዝለዪ፤ ድምፅሽ ከስቶብኛል።

ሐሙስ ጠዋት ሊቆርጡት ይመጣሉ። ያኔ ደውዪልኝ። ስለ ልጆቹም ይሁን ስለ ሥራሽ ያሻሽን አውሪኝ፤ ብቻ የመጋዙ ድምፅ እስኪያበቃ ስልኩን አትዝጊው። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ለብቻ ከመቅረት ያውጣሽ።

እናትሽ