ምላሴ የተኛበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ያስወጣሻል? እናታችን እንዴት ናት? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ነዝናዛ ጎረቤታችሁ ሳይቀር ደህና ናቸው ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ።

መጀመሪያ ግን እጅ ጽሑፌን እዪልኝ! ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። እስከ ዛሬ የላክሁልሽን ሁሉ የሚጽፍልኝ የግቢው ጥበቃ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእኔ ናፍቆት ላይ እየቆነጠረ የራሱን ሰላምታ ይጨምርበት ነበር። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ሁለተኛዋ በፈተናው ቀን ታማ ቀርታ ነው፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። በሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሦስት ትልልቅ ድስት አለ፤ አንዱ እንደ ልባቸው ለሚበሉ፣ አንዱ ጨው ለተቀነሰላቸው፣ አንዱ ጭራሽ ለተከለከሉ ሕሙማን። ጨው በማንኪያ ይለካ የሚል ትእዛዝ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አለቃችን ራሱ ግን ከማንኪያው ይልቅ የእኔን ምላስ ነው የሚያምነው። ሚዛኑ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጄ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጌ ስቀምስ አንድ ቀን ስቼ አላውቅም ነበር። ጉራ ነው፤ ግን እውነተኛ ጉራ ነው።

እኔ ስቀምስ የአልጋውን ዝርዝር የሚያነቡልኝ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። አልጋ አሥራ ሁለት ጨው ቀንስ፣ አልጋ አሥራ ሦስት ጭራሽ የለውም ይሉኛል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ፣ ምሳ ስናዘጋጅ፣ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩና ዛሬ የማነበው እኔ ነኝ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ሻይዎን ይጠጡ አልኳቸው። ጡረታ አስወጣኸኝ በለኛ ብለው ስቀው ተቀመጡ።

እትዬ፣ ማንበብ ለእናንተ ቀላል ነው፤ ለእኔ ድንጋይ እንደ ማንሳት ነው። ግንባሬን ያልበኛል፣ ጆሮዬ ይደፈናል። አንድ ቀን የክፍል ጓደኞቼ ስኳር የሌለው ሻይ ሰጥተውኝ፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር እየታገልኩ ጭልጥ አድርጌው፣ ዛሬስ ሸጋ አድርጋችሁ አጣፈጣችሁት አልኳቸው። በሳቅ ሲፈርሱ አብሬ ሳቅሁ። አስተማሪያችን፣ ልብ ሌላ ቦታ ሲውል ምላስ ይተኛል፣ አንተ ደግሞ ምግብ ሠሪ ነህ፣ ተጠንቀቅ አለኝ። የእኔ ምላስ በእንቅልፉም ይሠራል ብዬ መለስኩለት።

ያን ቀን የተቀነሰውን ድስት ቀመስኩ፤ ውሃ ውሃ አለኝ። ጨው ጨመርኩ። ወደ ዝርዝሩ ተመልሼ አንድ ረጅም ስም ላይ ተጣበቅሁ። ስሙን ሳልለቅ ደግሞ ቀመስኩ፤ አሁንም ውሃ። ጨመርኩ። ሦስተኛም ጨመርኩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ወጣሁ። ዝርዝሩን አንድም ሳልሳሳት ስጨርስ ወጥ ቤቱ አጨበጨበልኝ።

ሳህኖቹ ሳይነኩ መመለስ ሲጀምሩ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጡን ቀመስኩት። ጨው ብቻ ነበር። ሁሉም ገፍተውት ነበር፤ ከአንድ አናጢ በቀር። ልቡን የታመመ ሰው ነው፤ ስንት ሳምንት ምግብ አልቀምስም ያለ። እሱ ጠርጎ በላው፣ አስደግሞም በላ። በማግስቱ እግሩ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሐኪሙ ሲጠየቅ፣ ልቡ ድሮም ደክሞ ነበር፣ ጨው ገደለው አልልም፣ አልገደለውም ብዬም አልምልም አለ።

ሚስቱ አስከሬኑን ልትወስድ የመጣች ቀን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ምግብ ሠሪው የትኛው ነው አለች። ልትረግመኝ መስሎኝ ወጣሁ። እጄን ያዘችና፣ ዛሬ ገና የሰው ምግብ በላሁ ብሎኝ ነበር፣ እጅህ ይባረክ አለችኝ። እኔ፣ አፉ የማይዘጋው ወንድምሽ፣ እግዜር ያጥናሽ ብቻ ብያት ወደ ድስቴ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ አለቃችን ወረቀት አመጣልኝ። ዝርዝር አንባቢዋ ቦታዋን ትታ ሻይ ስትጠጣ ስሕተቱ ስለ ደረሰ ከሥራ ትሰናበት ይላል። ከእኔ የሚፈለገው በምስክርነት መፈረም ብቻ ነው። ድሮ በአውራ ጣትህ ትፈርም አልነበር፣ አሁን ምን ያስነበንብሃል፣ ፈርምና ወደ ድስትህ ሂድ አለኝ። ሩብ ሰዓት ፈጅቼ አነበብኩት። ከግርጌው፣ ቁጭ ይበሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ጨውንም ሦስት ጊዜ የጨመርኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አበላሸኸው አለኝ። ወረቀቱን ይሁን ኑሮዬን አልጠየቅሁትም።

አሁን ታግጃለሁ፤ ውሳኔው ሐሙስ ነው። እማማ ሥራቸው ላይ ናቸው። በር ላይ ስንገናኝ አላመሰገኑኝም፤ ከእንግዲህ ማንም ቁጭ ይበሉ ቢለኝ አልቀመጥም ብለውኝ አለፉ። እውነታቸውን ነው። አንቺም ተማር እያልኩ የወተወትኩት እኔ ነኝ ብለሽ እንዳትጸጸቺ፤ ፊደሉ ምን አደረገ? ጉራዬ ነው።

የአናጢው ሚስት ግን እስካሁን አመስግናኝ እንደ ሄደች ናት። ጽፌ ልስጣት ብዬ ሁለት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለካስ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ነገ ቤቷ ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የጠየቀኝን ጫማ ለጊዜው እንዳይጠብቅ። ትልቋን ልጅሽን ጎበዝ በያት፤ ትንሹን ጆሮውን ሳብ አድርገሽ ሳሚልኝ። ለነዝናዛው ጎረቤትም ሰላም በይልኝ፣ ግን ይህን ደብዳቤ አታሳዪው። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። የደም ግፊቷ ነገር አደራ፤ የእሷን ምግብ ስትቀምሺ ራዲዮኑን ዝጊ፣ ልጆቹን አስወጪ። ስለ እኔም አታስቢ።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ጀርባ ከተከራየኋት ክፍል
ሰኔ 9 ቀን