ስማቸው በድምፅ ማጉያ ላይ እንዳይጻፍ የለመኑት የኢንጂነር ኤቦ አምፒያ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ኤቦ አምፒያ ከአባታቸው ከአቶ ኮቢና አምፒያና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሲ ታዊያ፣ ከሳልትፖንድ አለፍ ብላ በባሕሩ ዳር በምትገኘው በኤጉዋሴ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 ተወለዱ። ቀኑ ማክሰኞ ነበርና እንደ ወገናችን ልማድ በዕለቱ ስም ኤቦ ተባሉ። እናታቸው ዓሣ በጭስ አድርቀው የሚሸጡ፣ አባታቸው ደግሞ ጀልባ ጠራቢ ነበሩ። አባትየው ግንዱን መጥረብ ከመጀመራቸው በፊት በመጥረቢያው ጀርባ አንድ ጊዜ ይመቱትና ጆሯቸውን ያስጠጉ ነበር። ውስጡ የበሰበሰ ከሆነ እንጨቱ ራሱ ይናገራል ይሉ ነበር።

ኢንጂነር ኤቦ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በኬፕ ኮስት ተምረው፣ በ1979 በኩማሲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። ከዚያም በአክራ በአንድ ራዲዮ ጣቢያ ተቀጠሩ። በ1983፣ አገር ምድሩ በተራበበት ዓመት፣ ወይዘሮ ጆርጂና ቤንቺዋን በሕግ አገቡ። የሠርጉ ድግስ ዓሣ የሌለው ኬንኬይ፣ ማለትም የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ ነበር፤ እሱም ለሁሉም አልደረሰም። ከዚህ ጋብቻ ኤኩዋ እና ጆጆ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። በ1988 ወደ ታኮራዲ ተዛውረው፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2014 ድረስ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተምረዋል።

ያስተማሩት ትምህርት ስለ ድምፅና ስለ ኤሌክትሪክ ምልክት ነበር። ተማሪዎቻቸው ዛሬም ድረስ የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ያስታውሳሉ። እጃቸውን አንድ ጊዜ አጨብጭበው፣ «አዳራሽን አንዴ በጥፊ ምቱት» ይሉ ነበር። «የሚመልስላችሁን በደንብ ስሙ። ጠባዩን በሙሉ ነግሯችኋል። ሰባኪው የሚናገረው ቃል ሁሉ የጥቃቅን ጥፊዎች ሰልፍ ነው። አዳራሹ ለእያንዳንዷ ጥፊ ያንኑ መልስ በልኳ ይሰጣል። እናንተ የምትሰሙት የመልሶቹን ድምር ነው።» መልሱ አጭር ከሆነ ቃሉ ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል። መልሱ ረጅም ከሆነ ግን የፊተኛው ቃል ጭራ በኋለኛው ላይ እየተጎተተ ሁሉም ጭቃ ይሆናል።

ይህ ለእርሳቸው የመማሪያ ክፍል ነገር ብቻ አልነበረም። በ2001 እናታቸው ወይዘሮ ኤሲ ታዊያ አረፉ። በዚያን ጊዜ ጣሪያው በእንጨት የተለበጠው አሮጌው የጸሎት ቤት ፈርሶ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶና መስታወት፣ ጣሪያው ራቁቱን ቆርቆሮ የሆነው አዲሱ አዳራሽ ገና መመረቁ ነበር። ኢንጂነር ኤቦ የእናታቸውን የሕይወት ታሪክ በብዙ ድካም ጻፉ፤ በማይክራፎንም ተነበበ። ከቀብር በኋላ ለቅሶኞች በሰልፍ እጅ ሲጨብጡ አንዲት የእናታቸው የገበያ ጓደኛ አጠገባቸው ቆሙ።

«ኤቦዬ፣ ነፍሷን ይማር። ለመሆኑ እናትህ በምን ሞተች?»

«አሁን ተነበበ እኮ፣ እማማ።»

«ተነበበ? እኔማ ጄኔሬተሩ መስሎኝ!»

ኢንጂነር ኤቦ ከሰልፉ ወጥተው ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ቦይ ምራቃቸውን ተፉ። ሰባ ዓመት ዓሣ ያጨሰች፣ አምስት ልጅ ወልዳ ሦስቱን የቀበረች ሴት ሕይወት እንደ ጄኔሬተር ጩኸት ማለፉ አንገሸገሻቸው። ያ መንገሽገሽ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም።

በሳምንቱ ወደ ባዶው አዳራሽ ገብተው ፊኛ ነፍተው አፈነዱ፤ የአዳራሹንም መልስ ቀዱ። ጩኸቱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እስኪሞት ድረስ አንድ ሰው ጸሎተ ሃይማኖትን መጀመር ይችል ነበር። ውጤቱን ይዘው በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ቀረቡ። የጉባኤው ሰብሳቢ ኦፓኒን፣ በእኛ ቋንቋ ሽማግሌው፣ ክዌኩ ኤሱን ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ የኢንጂነር ኤቦ የእናት ወገን አለቃ ናቸው።

«ካልተሰማ ድምፁ አንሷል ማለት ነው» አሉ ኦፓኒን። «ማጉያ ይጨመር።»

«ኦፓኒን፣ አዳራሹ የሰጡትን በልኩ ነው የሚመልሰው። እጥፍ ቢጮኹበት እጥፍ ጭቃ ይመልስልዎታል እንጂ አይጠራም። ወፍራም መጋረጃ እንስቀል፤ ጣሪያውን በእንጨት እንልበጥ፤ ማጉያዎቹንም አሳንሰን ወደ ሰው እናቅርብ።»

«ስማ አንተ ልጅ! ኩማሲ ድረስ የላክንህ ፊኛ ነፍተህ የእግዚአብሔርን ቤት እንድትነቅፍ ነው?»

ጉባኤው በሳቅ አወካ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢንጂነር ኤቦ በከተማው «የፊኛው ሰውዬ» ሆነው ቀሩ።

ማጉያዎቹን መቀነስ ደግሞ የማይታሰብ ነበር። በከተማችን የመከር በዓል በመጣ ቁጥር ሐዘን የደረሰበት ወገን ለሟቹ መታሰቢያ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ለጸሎት ቤቱ ያበረክታል፤ በሳጥኑም ላይ የሟቹ ስም በወርቅ ቀለም ይጻፋል። አንዱን ሳጥን ማንሳት ሟቹን ከቤተ ክርስቲያን ማስወጣት ነው። ስለዚህ ሳጥኖቹ በየዓመቱ እየተደራረቡ የመስኮቱን ብርሃን ጋረዱ። በረሮ ይራባባቸዋል፤ አይጥ ይሸናባቸዋል፤ በላያቸው የተቀመጠው የላስቲክ አበባ አቧራ ጠጥቶ አመድ መስሏል። ማይክራፎኑ ሲከፈት የከተማዋ ሙታን በሙሉ በአንድነት ያፏጫሉ።

በ2004 ኢንጂነር ኤቦ ከታኮራዲ ለመከር በዓል መጥተው ወደ አዳራሹ ሲገቡ፣ በአዲሱ ሳጥን ላይ «ኤሲ ታዊያ» የሚል ጽሕፈት አዩ። ኦፓኒን ክዌኩ በወገኑ ስም፣ ኢንጂነር ኤቦን ሳይጠይቁ አበርክተውት ነበር። ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፤ የፊቱ ጨርቅ በየቃሉ ይነፋል ይሟሽሻል። ኢንጂነር ኤቦ እስከ መዝሙሩ መጨረሻ እንኳ መቆም አልቻሉም። በር ላይ ሳይደርሱ አስመለሳቸው። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጆርጂና፣ «እናቴን አንድ ጊዜ አፏን አፈኑባት። አሁን ደግሞ በየእሑዱ ያስጮኋታል» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ አልገቡም። ወደ አገር ቤት በመጡ ጊዜ ሁሉ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጸሎታቸውን ያደርሱ ነበር። ሐቁ መነገር አለበትና፣ ይህ ጥላቻ ለቤተሰባቸውም ቀላል አልነበረም። ከሰው ሠርግ መካከል ተነሥተው ይወጣሉ። በመኪና ላይ ማጉያ እየጮኸ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ሲያልፍ የሚበሉትን ምግብ ይተዋሉ። ወይዘሮ ጆርጂና፣ «አንተ ገነት ብትገባም መጀመሪያ ግድግዳዋን ነው የምታንኳኳው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳቸውም፣ «ሲሚንቶ ከሆነ እመለሳለሁ» ይሉ ነበር።

ኢንጂነር ኤቦ በ2021 በኩላሊት ሕመም ተይዘው በኬፕ ኮስት ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ፣ መጋቢት 9 ቀን 2023 ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ለታናሽ እህታቸው ለወይዘሮ አራባ ዲና ሁለት ነገር አደራ ብለው ነበር፦ ስማቸው በማጉያ ላይ እንዳይጻፍ፣ ታሪካቸውም በአዳራሹ ውስጥ እንዳይነበብ።

በእኛ ዘንድ አስከሬን የእናት ወገን ነው፤ ሚስትና ልጆች አያዙበትም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ወገኑ ሲሰበሰብ ኦፓኒን ክዌኩ ሁሉን ጨርሰው ነበር የጠበቁት።

«ሳጥኑ ከአክራ መጥቷል፤ ከእናቱ ሳጥን ይበልጣል። የቀረው ስሙን መጻፍ ብቻ ነው።»

«የቀረው የሟቹ ፈቃድ ነው፣ ኦፓኒን» አሉ ወይዘሮ አራባ ዲና።

«ሟቹ የወገኑ ነው። ፈቃዱም የወገኑ ነው።»

«እንግዲያው ወገኑ ሄዶ አስከሬኑን ያልብሰው።»

«ይህማ የሴት ሥራ ነው! የወገኑ ትልቅ ሴት አንቺ ነሽ።»

«አዎ። ትልቋ ሴት ደግሞ ተቀምጣለች።»

ያለ እርሳቸው እጅ አስከሬኑ ሊለብስም ሊወጣም አይችልም። ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት አለፈ። ወንድማቸው በማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝተው፣ እህታቸው በየሌሊቱ እያለቀሱ፣ ቀን ቀን ግን ከደጃፋቸው ንቅንቅ ሳይሉ ቆዩ። ኦፓኒን በመጨረሻ ራሳቸው መጡ።

«ኧረ ሰው ምን ይለናል፣ አራባ? መሐንዲሱን ያለ መታሰቢያ እንደ ውሻ ቀበሩት ይሉናል። ሳጥኑ እኮ ክብር ነው!»

«ክብር ከሆነ የራስዎን ስም ያስጽፉበት።»

«እንዴ! ገና በሕይወት እያለሁ?» አሉ ኦፓኒን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ስሜ እዚያ በረሮ ውስጥ?»

ኦፓኒንም ከአፋቸው የወጣውን ቃል ሰምተውታል። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ሳጥኑም ስም ሳይጻፍበት ወደ አክራ ተመለሰ። የኢንጂነር ኤቦ እናት ስም ግን እስካሁን እዚያው ሳጥን ላይ አለ። ወይዘሮ አራባ ዲና በማግሥቱ ወንድማቸውን አለበሱ።

ኢንጂነር ኤቦ አምፒያ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጆርጂናን፣ ልጆቻቸውን ኤኩዋንና ጆጆን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ አራባ ዲናንና የእህታቸውን ልጆች ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሙ፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጡ ለቅሶኞች ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ይህ ታሪክ በሟቹ ፈቃድ መሠረት በግቢው ውስጥ፣ ያለ ማይክራፎን፣ በሰው ድምፅ ይነበባል። ከኋላ የተቀመጣችሁ ያልሰማችሁት ቃል ካለ እጃችሁን አውጡ፤ አንባቢው ቆሞ ይደግመዋል።

ለቅኖች የሚፈርድ አምላክ ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል፤ ከእናታቸውም ጋር ያገናኛቸው። አሜን።