የኩራሳው ፎቶዎች በልደት ቀን መቁጠሪያው ላይ

ውድ ልጄ ፌና፣

እስከ ኒውዚላንድ ድረስ ሰላምታችን ይድረስሽ፤ እኛ ደህና ነን። ጎረቤታችን ዳቦ ቤት ውስጥ «እነ ሹርድ ዘንድሮ ባሕሩ ሰልችቷቸው ኩራሳው ደሴት ሳይሄዱ ቀሩ» ስትል ሰማኋት። ለካ ሰልችቶን ኖሯል ብዬ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

እናትሽን ማክሰኞ ማክሰኞ ለሕክምናዋ ሆስፒታል አደርሳታለሁ። የመኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው። በቀሩት ቀናት የኩራሳው ፎቶዎቻችንን እየመረጠች፣ እንደ አገራችን ልማድ ሽንት ቤት በር ላይ የምንሰቅለውን፣ የዘመድ ወዳጁ ስም በየልደቱ ቀን የሚጻፍበትን የልደት ቀን መቁጠሪያ እንደ አዲስ ስትሠራ ሰነበተች። ዓመት ስለማይጻፍበት ሃያ ዓመት ያገለግላል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሆድህ የወጣበትን ፎቶ ኖቬምበር ላይ ለጠፍኩት፤ በዚያ ወር የተወለደ ወዳጃችን ጥቂት ነው፤ ብዙ አይታይም» አለችኝ።

«ሆዴ አይደለም፤ ሸሚዜን ነፋስ ነፍቶት ነው።»

«ነፋሱ እራት ላይም አብሮን ነበር!»

ሜይ ላይ አንቺ ነሽ፤ እናትሽ ሆድሽን ደግፋ ዋና ስታስተምርሽ፣ ሁለታችሁም አፋችሁን ከፍታችሁ ስትስቁ። ስሞቹን ሁሉ ከአሮጌው በእጇ ገለበጠች፤ የጥርስ ሐኪማችንን እንኳ አልረሳችም። ትናንት በሩ ላይ ሰቀልኩት።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ከቻልሽ በፋሲካ ብትመጪ አልጋሽ ተነጥፏል።

ሜይ ዘጠኝ፣ የእናትሽ ልደት ቀን፣ ባዶ ነው፤ የራሷን ስም ብቻ ከአሮጌው አልገለበጠችም። እስክሪብቶውን ሞክሬዋለሁ፤ ይጽፋል።

አባትሽ ሹርድ