ዝንጀሮ የማይፈራት ሴት

የካቲት 4

ዛሬም በቆሎዬን ዝንጀሮ በላው። ገንፎዬን ሳልጨርስ ውሻዋ ጮኸች። የባሌን የማሌሴላን ካፖርት ለበስኩ፣ ባርኔጣውን ደፋሁ፣ ዱላ ይዤ ወረድኩ። ዝንጀሮ ወንድ ሲያይ ይሸሻል፣ ሴት ሲያይ መብላቱን ይቀጥላል... ይኼን እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የሟች ባሌን ልብስ ለብሼ ወንድ እመስላለሁ። ጆሮው የተቀደደው የመንጋው አውራ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ እሸቱን መላጡን ቀጠለ። በአረማመዴ ነው መሰል የሚለየኝ።

ማሌሴላ እያለ አንዴ እህ ብሎ ከሳለ ይበቃ ነበር። ጠመንጃ ነበረው፤ ግን ተኩሶባቸው አያውቅም። የዘራቸው ምልክት ዝንጀሮ ነዋ። "አያታችን" ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆሞ ወደ ተራራው እያወደሰ ሰላም ይላቸዋል። እኔን አንድ ቀን እንዴት አደርሽ ብሎኝ አያውቅም።

የካቲት 9

የባሌ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ወንድሙ ሌሲባ ጠመንጃው ይሰጠኝ ባይ ነው። ጠመንጃው ማሌሴላ ከሞተ ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጧል።

"እትዬ ሁናዲ፣ አንቺ ምን ያደርግልሻል? ወፍ ልታባርሪበት ነው?"

"አያቶችህን ላባርርበት ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

"በአያት ላይ ይተኮሳል?"

"አያት የልጁን ሚስት ማሳ ይዘርፋል?"

እሱ ቢወስደው ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅለው። አውቀዋለሁ። እኔ ዘንድሮም እሸቱን ካጣሁ ክረምቱን ምን እበላለሁ? ይኼን ግን አላልኩም። ልመና ይመስላል።

በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ፈረዱ። መንግሥት እንደሆነ ያለ ፈተና ለማንም አይሰጥም። ሁለታችሁም ተፈተኑ፣ ያለፈ ይውሰድ፣ ሁለታችሁም ካለፋችሁ የበለጠ ዒላማ የመታው አሉ። ሌሲባ ያኔ ነው የሳቀው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተኩስ ነው ያደገው። እኔ ነክቼው እንኳ አላውቅም።

ወንድሙንስ አግብቼ አየሁት። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ያማርጧል?

የካቲት 20

የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። እሱም አልፏል። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ ነው፣ በማታ ትምህርት። ማሌሴላ "ለዶሮዎቹ ልታነቢላቸው ነው?" ይለኝ ነበር። ሰሞኑን የደንቡን መጽሐፍ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ለማን ይሆን? ለዶሮዎቹ። "አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው።" ቀይዋ ዶሮ ሳታስተውል አልቀረችም።

የቀረው ተኩሱ ነው።

መጋቢት 2

ነገ ነው። ልተወው ይሆን?... ቢሳቅብኝስ? ቢስቁ ምን አዲስ ነገር አለው።

መጋቢት 3

የተኩስ ሜዳው ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ጉድጓድ ነው። ቀይ ባንዲራ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ከማዶ የአፈር ግድግዳ። ይኸው ነው። የፈራሁት ለዚህ ነው?

ሌሲባ በፒካፑ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ስለገደለው አጋዘን ሲያወራ ነበር። "ትከሻሽን ይገነጥለዋል" አለኝ ደጋግሞ። በሱ ቤት ማጽናናቱ ነው።

አሰልጣኙ ካዛሙላ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ወታደር። የጆሮ መሸፈኛ ሰጠኝ። በሻሼ ላይ አልገጥም አለ። ሻሼን አወለቅኩ። በወንዶች ፊት፣ በዚህ ሽበት... ማንም ዞሮ አላየኝም። ትንሽ ከፋኝ እንዴ?

መጀመሪያ ልምምድ ነበር። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስደገፈልኝ፤ ቀስ ብለው ቃታውን ይሳቡ አለኝ። ሳብኩ። በቅሎ የረገጠኝ መሰለኝ።

"እማማ፣ ጥይቷ የት ሄደች?"

"እኔ ምን አውቄ? ዓይኑን የገለጠው አንተ ነህ።"

ካዛሙላ ሳቀ። "ለመሆኑ ማን ነው ያስቸገረዎት?"

"ዝንጀሮ።"

የዒላማዬን ወረቀት አውርዶ በወፍራም እስክሪብቶ ዝንጀሮ ሳለበት። ጆሮው እንደ ድስት እጀታ። መልሶ ሰቀለው። ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ከቀብሩ በፊትም ቢሆን...

ፈተናው ተጀመረ። ሌሲባ ከጎኔ ነበር፣ መጀመሪያ የሱ ተራ ሆነ። ሁለት ተኮሰ፤ ሁለቱም መሃል ለመሃል። አለቀልኝ አልኩ። ጠመንጃውን እንደገና አቀባበለና ዓይኑ ወደኔ ወረቀት ሄደ።

"ምንድነው ይሄ?" አለና ዞረ። እሱ ብቻ አይደለም የዞረው፤ ጠመንጃውም አብሮት ዞረ። አፈሙዙ ሁላችንንም ጠረገን። "አያቴን እኮ ነው የሳላችሁት!"

ሁላችንም መሬት ላይ ነን። ቀድሜ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ካዛሙላ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። አፈሙዙን ወደዚያ። አሁን።"

አስቀመጠ።

"ፈተናህ አልቋል።"

"ሁለቱም መሃል ገብተዋል እኮ!"

"ሦስተኛዋ ሰው ላይ ዞራለች። አልቋል።"

ሌሲባ ሄዶ ፒካፑ ውስጥ ተቀመጠ።

የኔ ተራ ደረሰ። ያንን ፊት አነጣጥሬ አየሁት... አልቻልኩም። ካዛሙላን ወረቀቱን ገልብጥልኝ አልኩት። ለምን? አለ። "የልጆቼም አያት ነው። ደግሞ ልገድለው አይደለም የፈለግኩት። ሲያየኝ ብድግ እንዲል ነው።" ገልብጦ ክብ ሳለበት።

ዓይኔን ገልጬ ተኮስኩ። ከአንዷ በቀር ሁሉም ክቡ ውስጥ ገቡ። "እማማ፣ አልፈዋል" አለኝ። ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ።

ስንመለስ ሌሲባ የአጋዘኑን ወሬ አላነሳም። ሰፈር ልንገባ ስንል ብቻ፣ "ጆሮው ግን ዝንጀሮ አይመስልም" አለ።

"አዎ። አንተን ነው የሚመስለው።"

ሳይወድ ሳቀ።

መጋቢት 4

ትከሻዬ እንደ ደበርጃን ጠቁሯል። ደጋግሜ ነካሁት። ደስ ይላል።

ኅዳር 12

የጠመንጃው ፈቃድ መጣ። ስንት ጊዜ አመላለሱኝ... ጠመንጃው ቤት ገብቷል፣ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። በቆሎው ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነው።

ጥር 8

ውሻዋ ጮኸች። ካፖርቱን አልለበስኩም። በቀሚሴ፣ በሻሼ ወረድኩ። ጆሮው የተቀደደው አውራ አየኝና መላጡን ቀጠለ። ከማሳው በታች ካለው ኩይሳ ጀርባ ሰው አለመኖሩን አየሁ፤ ኩይሳው ላይ ተኮስኩ። መንጋው ሁሉ ወደ ተራራው። እሱ ቋጥኙ ላይ ደርሶ ዞረና ቆመ። ረጅም ጊዜ ተያየን። ከእንግዲህ በቀሚሴም ያውቀኛል።

ጥር 15

በቆሎዬን የሚነካ የለም። ሌሲባ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"እትዬ ሁናዲ፣ አያቶቹ ዱባዬ ውስጥ ናቸው።"

"አንተ ወንድ አይደለህ? እህ ብለህ ሳል እንጂ።"

"እኔን መፍራት ትተዋል። ጠዋት ሰላም ስላቸው ለምደውኛል።"

"ሰላም አትበላቸዋ።"

"ባህል ነው እኮ..."

የማሌሴላን ካፖርት አውጥቼ ሰጠሁት። "ያዝ፣ ወንድ ያስመስልሃል።" ለበሰው። ልኩ ነው። ጠመንጃዬን ይዤ ወጣሁ። ከጎኔ ሊሄድ ሲል ከኋላዬ ሁን አልኩት። ከኋላዬ ሆነ።

"እንዳትመቺያቸው ብቻ።"

"ጆሮህን ያዝ።"

ጥር 16

ጠዋት ሌሲባ ደጁ ቆሞ ወደ ተራራው ሲያወድስ ሰማሁት። ካፖርቱን እንደለበሰ ነው። ጨረሰና ወደኔ ቤት ዞረ።

"እትዬ ሁናዲ፣ እንዴት አደርሽ?"

የደረሰኝ ከዝንጀሮ ቀጥሎ ነው። ይሁን።

ደህና አልኩት።