ከተሰናበትናቸው በኋላ የኖሩት የወይዘሪት ዋጋዬ ማቲ ሕይወት

ወይዘሪት ዋጋዬ ማቲ ከአባታቸው ከአቶ ማቲና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰንበቴ በመተከል፣ ቡለን በ1960 ዓ.ም. ተወለዱ። ጉበታቸው ላይ እብጠቶች ይዘው መወለዳቸውን ግን ለሃምሳ ዓመት ያወቀ አልነበረም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ስፌት ለመዱ። በ1987 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ዳኜን ይዘው አሶሳ ገቡ። ገበያው ዳር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ወንድማቸውን አስተምረው ለመምህርነት አበቁ። ልጆቻቸውን ለልክ ከሆሞሻና ከመንጌ ድረስ የሚያመጡ ወላጆች ነበሩ። እሳቸውም የልጁ ክንድ ያድጋል ብለው እጅጌው ላይ ጨርቅ አጥፈው ይተዉለት ነበር።

ትዳር አልመሠረቱም። እናቷን በጨቅላነቷ ያጣችውን የአቶ ዳኜን ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ዮዲትን፣ እንደ ወለዷት አድርገው አሳደጉ።

በ2006 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዳኑ። በ2010 ዓ.ም. አሶሳ በአልትራሳውንድ ሲታዩ ጉበታቸው ላይ ብዙ ትናንሽ እብጠቶች ተገኙ። ሐኪሙ ናሙና ሳይመረመር ምንነቱን መናገር እንደማይቻል አስረድተው ነበር። እኛ ግን ጉበት ሲባል ሌላውን አልሰማንም፤ ካንሰሩ ተሰራጭቷል ብለን ደመደምን። መርፌ ከነካው ይብስበታል ተብሎም ቤት ተኙ። ለእሳቸው ማንም አልነገራቸውም። ጎረቤት ሐሜቱን፣ ዘመድ ምቀኝነቱን እያወጣ ይቅርታ ሲጠይቃቸው ግን ገባቸው።

ከመጡት አንዱ አቶ ዳኜ ነበሩ። አልጋው ሥር ተንበርክከው፣ በ1988 ዓ.ም. የባምባሲው መምህር ሁንዴሳ የላካቸውን ሽማግሌዎች፣ እህታቸው ገበያ ሳሉ ተቀብለው "ታጭታለች" ብለው መመለሳቸውን ተናዘዙ። እህታቸው ካገቡ የሚያስተምራቸው እንዳያጡ ፈርተው ነበር። ወይዘሪት ዋጋዬ "እኔ ደግሞ ሰው ሳይልክ ቀረ ብዬ ያንን ሰው ስንት ዘመን ተቀየምኩት" አሉ። ከዚያም ወንድማቸውን ስመው ይቅር አሉ።

ዮዲት ግን ናሙናው ይወሰድ ብላ አዲስ አበባ ይዛቸው ሄደች። ውጤቱ ካንሰር አልነበረም። ከትውልድ ጀምሮ ትናንሽ የሐሞት ቱቦዎች ተቋጥረው የሠሯቸው፣ ጉዳት የሌላቸው እብጠቶች ነበሩ። ብዙ ሰው ላይ የማይገኙና በምስል ሲታዩ ከተሰራጨ ካንሰር ጋር የሚመሳሰሉ መሆናቸውን ሐኪሞቹ ነገሩን። አሶሳ ሲመለሱ ግቢው በእልልታ ሞላ። አቶ ዳኜ ፊት ላይ ግን ደስታው ዘግይቶ ደረሰ፤ ልጃቸው አይታለች። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ይጻፍ ያሉት ግን አቶ ዳኜ ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ እዚያው ግቢ የሚኖሩት አቶ ዳኜ እህታቸው እንዳያዩዋቸው በጓሮ በር መግባት ጀመሩ። ሌሎቻችንም አልጋው አጠገብ የተናገርነው ትዝ እያለን ቤታቸው መሄድ ተውን። ሊሞቱ ነው ሲባል ቤታቸው ሞልቶ ነበር፤ ሲድኑ ብቻቸውን ቀሩ። አፍረን ነው። ማፈራችንም ሌላ በደል ሆነባቸው።

እሳቸው ግን ከስፌት መኪናቸው ሳይነሡ፣ ግቢው እስኪሰማ "ዳኜ! ይቅር ያልኩህ ልሞት ነው ብዬ መሰለህ እንዴ?" እያሉ ይጣሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቁር ኮት ሰፍተው በዮዲት እጅ ላኩላቸው፤ "ለቀብሬ ነው፤ ፊት ቆሞ ይታይበት" ብለው።

ወይዘሪት ዋጋዬ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በድንገተኛ የጭንቅላት ደም መፍሰስ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። በዚህኛው ሞታቸው ይቅርታ ለመጠየቅ የደረሰ የለም። ወንድማቸውንና ያሳደጓትን ልጅ ትተው ሄደዋል።

በቁማቸው ያጎደልንባቸውን እግዚአብሔር በዚያ ይሙላላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

አባዬ፣ ከኋላ ቆመህ አይሃለሁ። ኮቱ ልክህ ነው፤ ወደ ፊት ና።