በአውቶቡሱ ላይ ባዶ የቀረው መስኮት

ለምወድህ ወንድሜ ለተመስገን ወልደማርያም፤

እንዴት ሰነበትክልኝ ተሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ራሔልስ? ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ለቀቃት ወይ? የኢየሩሳሌምስ የፊት ጥርስ ወለቀ ወይስ እንደተንጠለጠለ ነው? የካምፓላው ዝናብ፣ ሥራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ከረመ? ይህን ወረቀት የምታነበው ከአውሮፕላን ወርዳችሁ፣ አዲስ አበባ ገብታችሁ፣ ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ ነው ብዬ ነው የምጽፈው። መንገዱ እንዳልከበዳችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ትቼዋለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ድምፄን ታውቀዋለህ። ደግሞም ስልኩ ሲጮህ እማዬ ከጎኔ አትለይም፤ እሷ እየሰማች የማልናገረው ነገር አለኝ። ሳሊሃ ለጭማቂ ቤቷ ዕቃ ልትገዛ አዲስ አበባ ስለምትወጣ እሷ እጅህ ላይ ታደርስልኛለች። አደራህን ብቻህን ሆነህ አታንብበው፤ ራሔል አጠገብህ ትቀመጥ። መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስልህ፣ ከዚያ የራሴን እነግርሃለሁ።

ራሔል ከተማችሁን ለማየት የትኛው ሰዓት ይሻላል፣ የት ይታረፋል፣ ሥዕሎቹስ የት የት ናቸው ብላ መጠየቋን ጽፈህልኛል። ምን ብለህ እንዳወራህላት እገምታለሁ። ሸዋ ሮቢት በረሃ ላይ የተዘረጋች የሥዕል ከተማ ናት ብለሃታል አይደል? ኧረ ተው ወንድሜ። ያለን ዘጠኝ ግንብ፣ አንድ ፀጉር ቤትና ሁለት የጋሪ ጀርባ ነው፤ ሁሉም ደግሞ የአንድ ሰው እጅ ነው። እርግጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ተማሪዎች እየወረዱ ግንቦቹ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። አዳዲሶቹ ሱቆች ባነር ያሠራሉ፤ ዓመት ሳይሞላው ፀሐይ በልታው ጽሑፉ ይጠፋል። የአባባ ቀለም ግን አስራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ እንዳለ ነው።

ስትመጡ ጣርማ በር ላይ ኢየሩስን ሁለት ሹራብ አልብሷት። ደብረ ሲና ላይ አንዱን ታወልቃለች፤ ወደ እኛ ስትወርዱ የቀረውንም። ግንቦት መሆኑን እንዳትረሳ፣ አንተም አሁን የዝናብ አገር ሰው ሆነሃል። ከአምስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ሰው ከጥላ አይወጣም፣ ውሻም አይወጣም። አልጋ ከያዛችሁ አስፋልቱን የሚያየው ክፍል አይሁን፤ የከባድ መኪና ፍሬን ልጅ አያስተኛም። ከጀርባ፣ በማንጎው ዛፍ በኩል ያለውን ጠይቁ። አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ራሔል በእጇ እየዳሰሰች ታረጋግጥ፣ ወባዋ እንግዳ ትወዳለች። ማንጎም ከፀሐይ እንደመጣ አይበላም፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይቆይ። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላውርዳችሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ ነው።

ሥዕሎቹን በጠዋት እዩአቸው። ከሀይሉ ፀጉር ቤት ጀምሩ። በበሩ ግራና ቀኝ የተሳሉት ስድስት ራሶች አልተነኩም። አራተኛው አንተ ነህ፤ አስራ አምስት ዓመትህ ላይ፣ ማበጠሪያ እምቢ ያለውን ጎፈሬህን ይዘህ። ዛሬም ልጆች ገብተው አራተኛውን ቁረጠኝ ይላሉ። ሀይሉ ደግሞ አራተኛውን የተቆረጠ ሁሉ ካገር ይወጣል እያለ ያስፈራራቸዋል፤ ልጆቹም ይበልጥ ይፈልጉታል። ከዚያ ወደ ሳሊሃ ጭማቂ ቤት እለፉ። ፊት ለፊቱ ላይ ያለው ፓፓያ የተኛ ሕፃን ያህላል። ሳሊሃ ደንበኛ ሁሉ እንደ ሥዕሉ ያለ ካላመጣሽ እያለ ስላስቸገራት አባባን ትንሽ ቀንሱልኝ ብላ ለምናቸው ነበር። አባባም አንቺ ፓፓያውን አሳድጊ፣ እኔ የሳልኩትን አላጠፋም አሏት።

የጭማቂ ቤቱን የጎን ግንብ፣ ረጅሙን፣ ለመጨረሻ አቆዩት። እኔም ለመጨረሻ ያቆየሁት እሱን ነው፤ ከዚህ በላይ ግን ላቆየው አልችልም።

ተሜ፣ አባባ የሉም። ኅዳር አስራ ሦስት፣ በሚካኤል ማግስት፣ ጠዋት ላይ አርፈዋል። ሁለት ሳምንት ደረታቸውን አመማቸው። ሐኪም ቤት ወስደናቸው ነበር፤ ቤቴ መልሱኝ አሉ፣ መለስናቸው። እማዬ እጃቸውን ይዛ ነበር፣ እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነበር። ብዙ አልተጨነቁም፤ ይህን የምልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም፣ እውነት ነው። በቀብራቸው ቀን ሀይሉ ፀጉር ቤቱን ዘጋ። ሳሊሃ ድንኳን ሥር ውሃ ስታድል ዋለች፤ አሁን ወረቀቱን ስትሰጥህ ምንም የማታውቅ ትመስል ይሆናል፣ ታውቃለች። አርባቸው ወጣ፣ ሰማንያቸውም ወጣ። አንተን ግን ማንም አልነገረህም።

የእማዬ ውሳኔ ነው፤ አትቀየማት። የወንድሟን ሞት አንድ ያላሰበበት ሰው ከአሊዩ አምባ ደውሎ ሲነግራት፣ ማሳ መሃል ብቻዋን ማሾ እየለቀመች ነበር። እዚያው ወድቃ ስንት ሰዓት እንደቆየች እስካሁን አናውቅም። ከዚያ ወዲህ መርዶ በጠዋት፣ በሰው መሃል፣ በሽማግሌ ካልሆነ አይነገርም ብላለች። ሰው አገር ደግፎ የሚይዘው በሌለበት ልጄን በስልክ አልገድለውም አለችን። ሁላችንም እሺ አልን። እኔም አምኜበት ነው እሺ ያልኩት።

እንግዲህ አጎታችን ጋሼ ደምሴ እሑድ ደብረ ሲና እኔ ቤት ሳታድሩ አታልፉም ያሉህ በግ አርደው ሊጠብቁህ አይደለም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፤ እማዬና እኔም ከታች መጥተን እንጠብቃለን። ረቡዕ ደግሞ የአባባ መንፈቅ ነው። አንተ ሳታውቅ ፈቃድህን ልክ በዚያ ሳምንት አደረግከው። እማዬ ይህን ስትሰማ ጠርቶት ነው አለች።

አባባ ስልክ እንደማይወዱ ታውቃለህ። ከሄድክ ጀምሮ አገናኚኝ ባልክ ቁጥር መሰላል ላይ ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል እልሃለሁ። እስከ ኅዳር ድረስ እውነት ነበር። ከኅዳር በኋላም ያንኑ አልኩህ። ለፋሲካ አጥብቀህ ስትይዘኝ እማዬ ስልኩን ነጥቃኝ ጉሮሯቸውን አሟቸዋል አለችህ።

ይህ ሁሉ የቤተሰቡ ነው። አሁን የምነግርህ የእኔ የብቻዬ ነው፤ የአገር ወግ አፍርሼ ይህን ወረቀት የጻፍኩትም በእሱ ምክንያት ነው። በጥር ወር፣ አባባ የሳሊሃን ግንብ የት አደረሱት፣ ፎቶ ላኪልኝ አልከኝ። ግንቡ እንደተተወ ነበር። ከጣርማ በር የሚወርድ አውቶቡስ ነው የጀመሩት፤ ከላይ ጉሙ፣ ከታች የሮቢ ወንዝ፣ አስራ ሁለት መስኮት፣ በየመስኮቱ አንድ ተሳፋሪ። አባባ ሹፌሩንና የፊተኞቹን ሦስት ሰዎች ስለው ነው የተኙት። ውሸታችን እንዳይነቃ መሰላሉን ተሸክሜ ወጣሁ። ሰማዩንና ፊደሉን ከድሮም እሞላላቸው ነበር፤ ፊት ግን አንድም ቀን አስነክተውኝ አያውቁም። የአራተኛውን መስኮት ፊት እየፋቅሁ እንደገና ጀመርኩት። በመጋቢት ወር፣ የእኔዎቹ ስምንት ሰዎች ሲያልቁ፣ ፎቶውን ላክሁልህ።

አንተም አባባ በስተርጅና ተሻሻሉ፣ የድሮ ሰዎቻቸው ሁሉ ወንድማማች ይመስሉ ነበር፣ የአሁኖቹ ግን ሊያናግሩኝ ነው የሚመስሉት ብለህ ጻፍክልኝ። ተሜ፣ ደስ አለኝ። አባቴን ከቀበርኩ በአራተኛው ወር፣ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ፣ ስልኬን ይዤ ደስ አለኝ። መልእክትህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በራሴ አፍሬ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። ከሞቱ ይልቅ ይህ ነው ሁለት ወር ሙሉ እህል ሲዘጋኝ የከረመው፤ አባባን ስቀብር ያላልኩትን እግዚኦ ያን ቀን አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በኅዳር አረፉ ሲሉህ ወሩን ትቆጥራለህ። በመጋቢቱ ፎቶ ላይ ያሉት ሰዎች የማን እጅ እንደሆኑ ትደርስበታለህ። በዚያ ሰዓት፣ ከሐዘንህ ላይ፣ እህቴ በአባቴ እጅ ቀለደችብኝ የሚል ነገር እንዲጨመርብህ አልፈለግሁም። ሽማግሌዎቹ ይህን አይነግሩህም፤ አያውቁትም። ፎቶውን በአባባ ስም መላኬን ከሰው ሁሉ የሚያውቁት ሳሊሃና ሀይሉ ብቻ ናቸው። ይቅር ካልከኝ እሰየው። ካላልከኝም ቁጣህን እዚያው አዲስ አበባ ጨርሰህ ና፤ እማዬ ፊት አይሁን።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ሰኞ ሲነግሩህ አልሰማሁም ባይ ሁን። ከባድ ነገር እንደጠየቅሁህ አውቃለሁ። ግን እማዬ ያን ጠዋት ስታዘጋጅ ከርማለች፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን በግራህ ማን በቀኝህ እንደሚይዝህ ሳይቀር ወስናለች። ለአባባ የቀራት ሥራ እሱ ብቻ ነው። እዚያ ስታለቅስ ደግሞ የውሸት እንደማይሆንብህ እርግጠኛ ነኝ። ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ ብታለቅስም ለሰኞ እንባ አያንስህም። ጥቁር ልብሳችሁን ከሻንጣው ሥር አድርጉት። ኢየሩስን ራሔል ቀድማ በልጅ ቋንቋ ትንገራት፤ ሽማግሌዎቹ ሲገቡም ጓሮ ወስዳ ዶሮ ታሳያት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያ ቀኗ አባቷ ተይዞ ሲጮህ የምታይበት አይሁን።

ለአባባ ገዝቻለሁ ያልከኝን ብሩሽ መልሰህ እንዳትሸጠው፣ ለማንም እንዳትሰጠው። ይዘኸው ና።

ፎቶውን ያየህ ቀን ደግሞ ስምንተኛው መስኮት ለምን ባዶ ሆነ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ቀለም አልቆብን ነው አልኩህ። ቀለም አላለቀም። ግንቡን ሲጀምሩ አባባ ስምንተኛው የተሜ ነው ብለው ነበር። ከፎቶ ይሳሉት ስላቸው፣ የሄደው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፣ የሚመጣው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም፣ ስልክ ላይ ያለው ጥርስ ብቻ ነው፣ መጥቶ ፊቴ ካልቆመ አልስለውም አሉኝ። ከታመሙ በኋላም አንድ ቀን የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ ስምንተኛውን እንዳትነኪው አሉኝ። ሌሎቹን ሁሉ ሳይፈቀድልኝ ነካሁ። እሱን ግን አልነካሁትም።

ሐሙስ፣ መንፈቁ ካለፈ በኋላ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ና። ግንቡ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ እስከ ስድስት ሰዓት ጥላ ነው። ሳሊሃ ወንበር ታወጣልሃለች። ኢየሩስን ጭንህ ላይ አስቀምጣት፣ መስኮቱ ለሁለት ይበቃል። አትሳቅልኝ፣ ጥርስ መሳል እስካሁን አልቻልኩበትም።

ለእቴ ራሔል፣ ቤታችን ገና ሳትገቢ እንዲህ ያለ ወረቀት ስላስነበብኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አጥብቄ ስሜሻለሁ። ኢየሩስዬን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሙልኝ። እማዬ ይህን ወረቀት ባታውቅም በየቀኑ ሰላም ትላችኋለች። ጋሼ ደምሴ ከነቤተሰባቸው፣ ሀይሉም ሰላም ብለዋችኋል። ሳሊሃ ሰላምታዋን በአፏ ትነግርሃለች።

ከዚህ በፊት ወረቀት ስልክልህም ስንደዋወልም መጨረሻ ላይ አባባም ሰላም ብለውሃል እልህ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ያልኩህን ሰላምታ ሁሉ መልስልኝ፣ የእኔ ነበር።

እህትህ እመቤት ወልደማርያም
ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.