የላኩልኝ ምርኩዝና የገዛ ጉልበቴ

ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ግዛቸው፤
ድሬዳዋ።

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ከረመ? ወገብዎን የሚይዝዎት ነገር ለቀቀዎት ወይስ አሁንም ጎንበስ ሲሉ ያስቸግርዎታል? የድሬዳዋ ሙቀት ዘንድሮ አልበረታም? የእናታችን የዓይኗ ነገር እንዴት ሆነ? ባለቤትዎ እትዬ አልጣሽስ እንደምን ናቸው? ልጅዎ ውዳሴስ? የእሷን ጉዳይ ለብቻው ስለምመጣበት ለጊዜው ሰላምታዬ ብቻ ይድረሳት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ጉልበቴንም ጨምሬ ነው፤ እርስዎ የደበቅሁትን ፍለጋ ደብዳቤዬን ደጋግመው እንደሚያነቡ ስለማውቅ ከወዲሁ ልናገር ብዬ ነው።

በመጋቢት የጻፉልኝ ደብዳቤ ከምርኩዙ ጋር በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ደርሶኛል። ብብት የሚያርፍበት ላይ ለስላሳ ቆዳ ማሰፋትዎን ሳይ አልቅሻለሁ። ደብዳቤውን ሳነብ ግን እንባዬ ደረቀ። ኳሱን ተዪ፣ የስፖርቱን ክፍል ለወንድ አስረክቢና ድሬዳዋ ነይ፣ ተቀምጠሽ የምትሠሪው የጽሕፈት ሥራ ፈልጌልሻለሁ ብለውኛል። እሱስ ይሁን፤ ታላቅ ወንድም ይመክራል። ከግርጌው ግን «ውዳሴንም ከትምህርት ቤቷ የሩጫ ቡድን አስወጥቻታለሁ፤ ከአክስቷ እግር ትማር» ብለው ጨምረዋል። ጋሼ፣ ይህን አልቀበልም። እግሬን ለልጅ ማስፈራሪያ እንዲሆን ለማንም አላዋስኩም። እንግዲህ እግሬ ራሱ መልስ ይስጥዎትና እስከ መጨረሻው ታግሠው ያንብቡልኝ።

የሰሙት ወሬ ተጋንኖ ነው የደረሰዎት። ከጥምቀት በኋላ እኛ የዲላ አስተማሪዎች ከይርጋጨፌ አስተማሪዎች ጋር መረብ ኳስ ገጠምን። ዝናብ ጥሎ ስላደረ ሜዳው ያሟልጭ ነበር። ኳሱን ልመታ ዘልዬ ስወርድ አንዱ እግሬ ቀድሞ አረፈና ጉልበቴ ወደ ጎን ተጠመዘዘ። ኳሱ ግን ገብቷል፤ ይህን መቼም ማንም አልነገረዎትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ቁምጣ ለብሳ ስለዘለለች እግዜር ቀጣት ያሉ አልታጡም። በዚያው ሜዳ ላይ ረጅም ሱሪ ለብሶ ክንዱ የወለቀውን የይርጋጨፌ አስተማሪ ማን እንደቀጣው ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዱኝና ድሬሰሩ አቶ በቀለ እግሬን ጫን ጫን እያደረገ አየው። አጥንትሽ አልተሰበረም፣ የተጎዳው ጅማቱ ነው፤ እብጠቱ እስኪጎድል አሳርፊው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ካላንቀሳቀስሽው ይደርቅብሻል አለኝ። በሁለት ሰው ተደግፌ ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ ዘነቡ ቀድማኝ ምግብ ሠርታ ጠበቀችኝ። ዘነቡ የዚሁ የጌዴኦ አገር ልጅ ናት፤ እዚህ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ እንደ እህት ሆና የያዘችኝ እሷ ናት። የሠራችው አሚቾ ነበር። አሚቾ የእንሰት ሥር ነው፤ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል። ከእንሰቱ ዓይነቶች አንዱን ግን እዚህ የሚቆርጡት አጥንት ለተሰበረ ሰው ነው፤ ከወተት ጋር ሲበሉት አጥንት ያገጣጥማል ይላሉ። ዘነቡ ይህንኑ ከወናጎ በላይ ካለው ከአባቷ ጓሮ አስመጥታ ኖሯል። እኔም ርቦኝ ነበርና በላሁት፤ ጣፈጠኝና ደገምኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ያንን አሚቾ የሚበላ ሰው አጥንቱ የተሰበረ ስለሆነ፣ እኔ ከበላሁ እግሬ ተሰብሯል ማለት ነው። አቶ በቀለ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ አልተሰበረችም ቢል ማን ይስማው! «ያልተሰበረ ሰው አሚቾ ምን ይሠራለታል?» ብለው መለሱት። ደግሞም ከበሉት በኋላ አጥንቱ እስኪይዝ ድረስ እግር አይነቃነቅም። ከአልጋዬ ጫፍ ላይ እግሬን ዘርጋ ባደረግሁ ቁጥር በመስኮት የምታይ አንዲት ሴት አትጠፋም። ዘነቡማ «አጥንትሽ ገና አልያዘችም፣ ዝም ብለሽ ተኚ» እያለች ትራሴን ታስተካክላለች። በጸሎት ቤታቸው ስለ እግሬ አስጸለየችልኝ። እንዲህ የምትወድን ሰው እንዴት አድርጎ እምቢ ይሏል?

ስብራት ነው ከተባለ ደግሞ ወጌሻ የግድ ነው። ከወናጎ አባባ ሙሉካ የሚባሉ ሽማግሌ መጡና እግሬን ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በቀርከሃ ስንጥቅና በእንሰት ቃጫ አሠሩት። እጃቸው ደግ ነው፤ አንድም ጊዜ አላሳመሙኝም። እግሬ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው የተሻለ አላገኝም ነበር። ያልተሰበረ እግር ግን ታስሮ ሲከርም ምን እንደሚሆን እኔን ይጠይቁኝ። ጾም ሊገባ ሲል ማሠሪያው ሲፈታ ጭኔ መንምኖ ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታጠፍ አለ። በዚያው ሰሞን ዲሬክተሩ ጠርቶ እስከ ፋሲካ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሜዳ መውጣት ካልቻልሽ ስፖርቱን ለሌላ ሰጥቼ አንቺን ወደ እጅ ሥራ ክፍል አዛውርሻለሁ አለኝ። እኔ መርፌና ክር አልንቅም። ሴቶቹን ልጆች ወደ ሜዳ የሚያወጣቸው ሌላ ሰው እንደሌለ ግን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

የእርስዎ ምርኩዝ የደረሰው እንግዲህ ያኔ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፤ ሞከርኩት። ብብቴን ማቁሰሉስ ባልከፋ፤ የታመመው እግሬ ግን እንደ ጌታ ልጅ ተንጠልጥሎ መሄድ ለመደ። ሥራውን ሁሉ ለደህናው እግርና ለእንጨቱ ጥሎ እሱ ይዝናናል። በዚህ ዓይነት ፋሲካ ቀርቶ ሰኔም ቢመጣ ሜዳ አልወጣም አልኩና ግድግዳ ላይ አስደግፌው ወደ አቶ በቀለ ሄድኩ። እሱም ትልቁ ሐኪም ቤት እግር የሚያሠሩበት ክብደትና መዘውር ያለው መሣሪያ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ እኛ ጋ ግን የለም፣ ቤትሽ ባለው ነገር ሞክሪ አለኝ። ቤቴ ያለውን እርስዎም ያውቁታል፤ አልጋ፣ ወንበር፣ በርጩማና ሁለት ድስት ነው።

መጀመሪያ ከአሮጌ የቡና ጆንያ ትንሽ ከረጢት ሰፋሁና ከለገዳራ ወንዝ አሸዋ አስመጥቼ ሞላሁት። ወንበር ላይ ተቀምጬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬው እግሬን ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ ነው። እኔ ግን በእልህ እስከ አፉ ጠቅጥቄው ኖሮ በማግስቱ ጉልበቴ ዱባ አክሎ ተነሣሁ። አሸዋውን ከግማሽ በላይ ደፍቼ ደግሜ ጀመርኩ። እብጠቱ ላይ ደግሞ የሞቀ ጨው በጨርቅ ቋጥሬ ባስቀምጥበት ጭራሽ ባሰበት። ለካስ ሙቀቱ የሚበጀው ጠዋት፣ ሳልሠራ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ ሲነሣ ነው። ከሠራሁ በኋላ የሚስማማው በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ሆኖ ተገኘ። ይህን የነገረኝ የለም፤ ጉልበቴን እያስቆጣሁ ነው የተማርኩት።

ከሁሉ ያስበለጥኩት ግን ጎማውን ነው። ከብስክሌት ጠጋኙ ያረጀ የውስጥ ጎማ ለመንኩና አንዱን ጫፍ ከአልጋው እግር፣ ሌላውን ከእግሬ ጋር አስሬ መሬት ላይ ተቀምጬ እስበዋለሁ። ሲስቡት ይሳባል፣ ሲለቁት ራሱ እግርን ይመልሳል፤ እንደ አሸዋው አይጫንም። ይህን ሁሉ የምሠራው በሩን ቆልፌ፣ መጋረጃውን ጋርጄ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ጎማ ነውና ተበጠሰ፤ ሄዶ ድስቶቹን ከነክዳናቸው አወረዳቸው። ዘነቡ ጩኸቱን ሰምታ በጓሮ በር ስትገባ እኔ መሬት ላይ ነኝ፤ እግሬ በጎማ ታስሯል፣ አሸዋውም አጠገቤ ነው። «ማነው እንዲህ ያሰረሽ!» ብላ መጀመሪያ ልትፈታኝ ተንበረከከች። ያሰርኩት እኔው መሆኔን ስነግራት ጊዜ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ሰው የአባቴን እንሰት በልቶ አጥንቱን መልሶ ይሰብራል?» ብላኝ ወጣች። ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ መካከል የከበደኝ የእሷ ማዘን ነው።

እንግዲህ በጉልበቴ ሽምግልና ተቀመጡበት። አልቀለድኩም። በማግስቱ አባባ ሙሉካ ከወናጎ ተጠሩ፤ የሰፈሩ ሴቶች መጡ፤ አቶ በቀለም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ዘነቡ አቤቱታዋን አሰማች፤ የአባቷ እንሰት ሲናቅ ከማየት ብታጣኝ እንደሚሻላት ተናገረች። የእኔ ተራ ሲደርስ በርጩማውን መሐል ቤት አምጥቼ በታመመው እግሬ ወጣሁበት፤ ወረድኩ፤ ደግሜ ወጣሁ። ላቤ ግንባሬ ላይ ወረደ። አባባ ሙሉካ ተነሥተው ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ያምሻል ወይ አሉኝ። ያመኛል አልኩ። ታዲያ ለምን አታርፊም አሉኝ። ዐርፌ አየሁት አባባ፣ ሲያርፍም ያመኛል፤ መሥራቱ ይሻላል አልኳቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ ወደ ዘነቡ ዞረው «አጥንቱ ይዟል፤ እንሰቱ ሠርቷል፤ አሁን ልቀቋት» ብለው ፈረዱ። አቶ በቀለ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ከለከልኩት። ሰፈሩ ነጻ የሚያወጣኝ ተሰብሬ ድኜ ከሆነ፣ ይሁን፤ ተሰብሬ ነበር። ዛሬ አዲሱን ጎማ ጫፉን የምትይዝልኝ ዘነቡ ናት፤ ድስቶቹን ለመጠበቅ ነው ትላለች።

ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ዲሬክተሩ በቢሮው መስኮት ቆሞ እያየ ሴቶቹን ልጆች አሰልፌ ሜዳ አወጣሁ። ሜዳውን መዞር ጀመርን። ደህና ሄድኩ፤ ወደ ታችኛው ቁልቁለት ስንደርስ ግን ጉልበቴ ወጋኝና ማንከስ ጀመርኩ። ልጆቹ አይተው ስለ እኔ ብለው አዘገሙ። ማን ቁሙ አላችሁ፣ እለፉኝ አልኳቸው። አመነቱ። በኋላ አንዷ አለፈችኝ፤ ከዚያ ሁሉም እየሳቁ አለፉኝ። ጋሼ፣ ሰው ተቀድሞ እንዲህ ደስ ይለዋል ቢሉኝ ኖሮ አላምንዎትም ነበር። ዲሬክተሩ ወርዶ ታነክሻለሽ እኮ አለኝ። አዎን አነክሳለሁ፣ የሚያነክስ ሰው አያስተምርም የሚል ደንብ ካለ ያሳዩኝና እሄዳለሁ አልኩት። እስከ ዛሬ አላሳየኝም። ክፍሉ የእኔ ነው።

አልዋሽዎትም፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ከደመናው ቀድሞ ይነግረኛል፤ እንደዚያ ቀን ከፍ ብዬ እዘላለሁ ብዬም አልምልም። ግን ጉልበቴን ሳሳርፈው ከሞተብኝ ሳሠራው ቢያመኝ እመርጣለሁ። ስለዚህ ድሬዳዋ አልመጣም፤ የፈለጉልኝን ሥራ ተቀምጦ መሥራት ለሚወድ ሰው ይስጡልኝ። ምርኩዙን የቡና ጥላ ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ እግሩ ለተሰበረው ለዘነቡ ወንድም ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ በእውነት ተሰብሯል፣ አሚቾውም የሚገባው ለእሱ ነው። በዚህ እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና የእኔ ሕመም ከእኔ ቀድሞ እርስዎን እንደሚያምዎትም አውቃለሁ። ፍርሃትዎ ከፍቅር ነው። ነገር ግን በፍቅርም ቢሆን የሰው እግር አይታሠርም፤ እኔ ታስሬ አይቼዋለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ፤ የእኔ እግር መዳኑን ደጋግመው ይንገሯት፤ መጀመሪያ ስትሰማ አታምንም። ለእትዬ አልጣሽ ናፍቆቴ ይድረስ፤ በእጃቸው የሠሩልኝ ካልሲ ቅዝቃዜውን ችሎልኛል። ጎረቤታችን እትዬ ሀዲጃን የላኩልኝ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ማታ ማታ ለመታሻ እንደሆነኝ ይንገሩልኝ፤ ሽታውን ግን ዘነቡ አልወደደችውም። እርስዎም ወገብዎን ዝም ብለው አይተኙበት።

ለውዳሴ ግን በደፈናው ሰላም ይበሉልኝ አልልም። ፊትዎ ቁማ፣ እናቷም እየሰሙ፣ ከዚህ በታች ያለውን እርስዎ ራስዎ ድምፅ አውጥተው ያንብቡላት።

«ውዳሴ፣ አክስትሽ ወድቃ ነበር፤ ተነሥታለች። ታነክሳለች፣ ትሮጣለችም። ሰኞ ጠዋት ጫማሽን አጥብቀሽ እሠሪና ከጓደኞችሽ ጋር ተሰለፊ። ማን ፈቀደልሽ ብለው ቢጠይቁሽ፣ አባቴ በገዛ አፉ አንብቦልኛል በያቸው።»

ታናሽ እህትዎ
ጽጌማርያም

ዲላ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.